ከስቴጅ ኪቦርድ ጎን ሲንተሳይዘር መጨመር ያስፈልጋል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ኪቦርድ ተጫዋቾች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የጥር ሰርግ ላይ አምባሰል ተጫውተን ስንጨርስ፣ ከጎኔ ማሲንቆ ይዘው የተቀመጡት አዛውንት ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ልጄ፣ ያንተዋ ድምፅ ታምራለች፤ ግን አንዴ ከወጣች በኋላ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ለምን አታነቃንቃትም?» አሉኝ። በዚያን ሰሞን ሲንተሳይዘር ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀምኩ ስለነበር፣ አስተያየታቸውን «ቶሎ ግዛ» እንዳሉኝ አድርጌ ወሰድኩት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ያነሱት ጉድለት ግማሹ ከዕቃው ሳይሆን፣ ለዓመታት ከፍቼው ከማላውቀው የኪቦርዴ የኤዲት ገጽ የመጣ መሆኑን ተረዳሁ። ቀሪው ግማሽ ግን በእርግጥም ኪቦርዱ ሊሰጠኝ የማይችለው ነገር ነበር። ይህ መመሪያ ሁለቱን ግማሾች ለይቶ ማወቅ የሚቻልበትን መንገድ በቅደም ተከተል ያሳያል።

በቅድሚያ ስለምን እንደምንነጋገር እንስማማ። በእኛ አካባቢ «ኪቦርድ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ስታይል ያለው፣ ከበሮውንና ቤዙን ራሱ የሚያጅበው አሬንጀር ነው። ስቴጅ ኪቦርድ የሚባለው ደግሞ ፒያኖን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖንና ኦርጋንን በጥራት ለማሰማትና መድረክ ላይ በፍጥነት ለመቆጣጠር የተሠራው ነው። ሁለቱም በአብዛኛው አስቀድሞ የተቀዳ ድምፅን እያነሱ ያጫውታሉ። ሲንተሳይዘር ግን ድምፁን ከመነሻው ያመነጫል፤ ኦሲሌተሩ ጥሬውን ድምፅ ይፈጥራል፣ ፊልተሩ ያጠራዋል ወይም ያደበዝዘዋል፣ ኢንቨሎፑ ደግሞ ድምፁ እንዴት እንደሚነሣ፣ እንደሚቆይና እንደሚጠፋ ይወስናል፤ እነዚህ ሁሉ ተጫዋቹ እየተጫወተ በእጁ እንዲለዋውጣቸው ኖብ (በጣት የሚዞር መቆጣጠሪያ) ሆነው ከፊቱ ተደርድረዋል። ድንበሩ ዛሬ የጠራ አለመሆኑ አይካድም። ለምሳሌ ኖርድ ስቴጅ 3 በውስጡ ራሱን የቻለ የሲንተሳይዘር ክፍል አለው፤ ያማሃ ሞድኤክስም ከተቀዱት ድምፆች ጎን ኤፍኤም በሚባለው ዘዴ ድምፅ ያመነጫል። ስለዚህ ጥያቄው «ሲንተሳይዘር ጥሩ ነው ወይ?» የሚለው ሳይሆን፣ ያለዎት ዕቃ ላይ ሌላ መጨመር የሚያስገድድ ሥራ አለ ወይ የሚለው ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ ሦስት ምሽት በማስታወሻ ደብተር

ዕቃ ከማየትዎ በፊት በተከታታይ ሦስት ሥራዎች ላይ ስልክዎን ድምፅ እንዲቀዳ አድርገው ከመድረኩ ፊት ለፊት፣ ታዳሚው ከተቀመጠበት አካባቢ ያስቀምጡ። መድረክ ላይ ሆኖ በሞኒተር የሚሰማው ድምፅ አዳራሹ ውስጥ ካለው ስለሚለይ፣ ከራስዎ ጆሮ ይልቅ ቅጂው የታመነ ምስክር ነው። በማግስቱ ቅጂውን እያዳመጡ ለእያንዳንዱ ዘፈን የተጠቀሙበትን ድምፅ፣ ቅኝቱን፣ እንዲሁም «እዚህ ጋ አነሰኝ» ያሉበትን ቦታ ይጻፉ። «ድምፁ ደስ አላለኝም» የሚል ማስታወሻ ምንም አይጠቅምም፤ ምን እንደጎደለ ይግለጹት።

ማስታወሻው ሲጠናቀቅ ጉድለቶቹ ብዙውን ጊዜ በአራት ይከፈላሉ። አንዳንዱ የድምፅ መጠን ጉዳይ ነው፤ ሊዱ፣ ማለትም ዜማውን የሚመራው ድምፅ፣ ከጊታሩና ከድምፃዊው በታች ተውጧል፤ ይህ በሚክሰር ወይም አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ በመጫወት ይፈታል እንጂ ሲንተሳይዘር አያሻውም። አንዳንዱ የእጅና የቁልፍ እጥረት ነው፤ ኦርጋን ይዘው ሳለ ሊዱን የሚጫወቱበት ቦታ ያጣሉ። ሌላው የድምፁ ዓይነት ጨርሶ አለመኖር ነው። አራተኛውና አዛውንቱ የነገሩኝ ደግሞ የእንቅስቃሴ እጦት ነው፤ ድምፁ አለ፣ ያምራልም፤ ነገር ግን ከተነካበት ቅጽበት እስከሚለቀቅበት ድረስ አንድ ዓይነት ሆኖ ይዘልቃል። እኔ በጻፍኩት ደብተር ላይ ከግማሽ በላይ የሆነው ይኸው አራተኛው ነበር፤ የእርስዎም ከዚህ ብዙ የሚለይ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም አብረውን የሚጫወቱት መሣሪያዎች በተፈጥሯቸው የሚነቃነቁ ናቸው። የማሲንቆ ተጫዋች አንዷን ጅማት በጣቱ እየተንሸራተተ ድምፁን ከቦታ ወደ ቦታ ይወስዳል፤ በደጋኑም ያጎላታል፣ ያቀጥናታል። ዋሽንት ነፊውም በትንፋሹ እንዲሁ ያደርጋል። ቁልፉን ተጭኖ የሚጠብቅ ኪቦርድ በእነዚህ መካከል ሲገባ ግትርነቱ ወዲያው ይታወቃል።

ሁለተኛው እርምጃ፦ ያለዎትን ኪቦርድ እስከ ጥግ መፈተሽ

ይህ ክፍል ረዘም ይላል፤ ቢሰለችዎትም አይዝለሉት፤ ገንዘብዎን የሚያድነው እሱ ነውና።

ሊድ የሚጫወቱበትን አንድ ድምፅ ይምረጡና የኤዲት ገጹን ይክፈቱ። መጀመሪያ ድምፁን ሞኖ ያድርጉት፤ ማለትም በአንድ ጊዜ ከአንድ ቁልፍ በላይ እንዳያሰማ ያድርጉ። ማሲንቆም ሆነ ዋሽንት ሁለት ድምፅ በአንድ ጊዜ ስለማያወጣ፣ ይህች ለውጥ ብቻዋን አጨዋወትዎን ወደ እነሱ ታቀርባለች። ቀጥሎ ፖርታሜንቶ የሚባለውን ያብሩ፤ ከአንድ ቁልፍ ወደ ሌላው ሲሄዱ ድምፁ ዘሎ ሳይሆን ተንሸራቶ እንዲደርስ የሚያደርገው እሱ ነው። ኪቦርድዎ ፍጥነቱን ከ0 እስከ 127 በሚሄድ ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ ከ20 አካባቢ ይጀምሩና በጆሮዎ ያስተካክሉ፤ ከበዛ ዘፈኑ የሰከረ ይመስላል። ሌጋቶ የሚል ምርጫ ካለ ያብሩት፤ ያኔ የሚንሸራተተው የመጀመሪያውን ቁልፍ ሳይለቁ ቀጣዩን ሲነኩ ብቻ ስለሆነ፣ የት እንደሚንሸራተት የሚወስኑት እርስዎ ይሆናሉ።

ከዚያ ድምፁን ከቁልፉ ከፍ ወይም ዝቅ ወደሚያደርገው ፒች ቤንድ ይምጡ። ብዙዎቹ ኪቦርዶች ከፋብሪካ ሲወጡ ቤንዱ እስከ ጥግ ሲገፋ ሁለት ሰሚቶን (ሰሚቶን ማለት ጥቁሩንም ጨምሮ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው) እንዲሄድ ተደርገው ነው፤ አብዛኛው ተጫዋችም እንደዚያው ይተወዋል። እዚህ ላይ ግን ቅኝቶቻችንን ቁጥር አድርጎ ማየት ይጠቅማል። አምባሰልን ከዶ ብንጀምረው ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ይሆናል፤ ከዶ ወደ ሬ ፍላት፣ ከሶልም ወደ ላ ፍላት ያለው ርቀት አንድ ሰሚቶን ነው። የቅኝቱ ለቅሶም ያለው እነዚህ ሁለት ጠባብ ቦታዎች ላይ ነው። ቤንዱ ሁለት ላይ ከሆነ ሬ ፍላትን ለማግኘት ልክ መንገዱ አጋማሽ ላይ ማቆም ይጠበቅብዎታል፤ በጭፈራ መሃል፣ ላብ ባለበት እጅ ይህን በየጊዜው በትክክል ማግኘት ዘበት ነው። ስለዚህ ለአምባሰል ቤንዱን አንድ ላይ ያድርጉት፤ እስከ ጥግ ሲገፉት በትክክል ሬ ፍላት ላይ ያርፋል። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ለሆነው አንቺ ሆዬም አንድ ይሻለዋል። ትዝታ ሜጀር ግን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ስለሆነና ተጎራባቾቹ ድምፆች ቢያንስ በሁለት ሰሚቶን ስለሚራራቁ፣ ሁለት ላይ መተው ተገቢ ነው። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ሆኖ ጠባቡም ሰፊውም ስለተቀላቀለበት፣ ዜማው የሚያለቅስበትን ቦታ አይተው ይወስኑ። እነዚህን ሁሉ በአንድ ድምፅ ላይ እየቀያየሩ ከመጨናነቅ፣ አንዱን ሊድ በየቅኝቱ ስም አራት ጊዜ አድርገው ማስቀመጥ ይበጃል።

ሞዱሌሽን ዊሉ በአብዛኛው ቫይብሬቶ ብቻ እንዲያሰማ ተደርጎ ይመጣል። ኪቦርድዎ የሚፈቅድ ከሆነ ፊልተሩንም እንዲያንቀሳቅስ ያድርጉት፤ ዊሉን ወደ ላይ ሲወስዱት ድምፁ ሲከፈት፣ ሲመልሱት ሲታፈን ይሰማል። ይህ ነው እንግዲህ የማሲንቆው ደጋን ከጅማቷ ላይ ጠበቅና ላላ ሲል የሚያመጣውን ለውጥ በጥቂቱም ቢሆን የሚያስመስለው።

በመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያውን ይመልከቱ። ድምፃውያንና ማሲንቆ ተጫዋቾች የቅኝቱን ድምፆች የሚያስቀምጡት በጆሮ ስለሆነ፣ አንዳንዱ ከፒያኖው ቁልፍ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ብዙ አሬንጀር ኪቦርዶች ለዓረብ ሙዚቃ ተብሎ የገባ ስኬል ቲዩን የሚባል ገጽ አላቸው፤ በዚህ ገጽ እያንዳንዱን ቁልፍ ለብቻው በሴንት ማስተካከል ይቻላል፤ አንድ ሰሚቶን 100 ሴንት ነው። በልምምድ ቀን የማሲንቆ ተጫዋቹ አንዷን ድምፅ ይዞ እንዲቆይልዎት ጠይቀው፣ ቁልፍዎን በ5 በ5 ሴንት እያንቀሳቀሱ ሁለቱ ሲገጥሙ ያቁሙ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ማስተካከያው የሚቀመጠው በቁልፉ ስም ላይ ስለሆነ፣ ድምፃዊው «ትንሽ ከፍ አርገው» ብሎ የመነሻ ቁልፉ ሲቀየር ያስተካከሉት ድምፅ ያለ ቦታው ይቀርና ዘፈኑን ያበላሻል። ለየመነሻ ቁልፉ የየራሱን አስቀምጠው ይሂዱ።

ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ ደብተሩን ይዘው ሁለት ምሽት ይሥሩ። ከጉድለቶቹ ስንቶቹ ተሠረዙ? ለተሠረዙት ጥያቄዎ መልስ አግኝቷል። ያልተሠረዙት ብቻ ናቸው ወደ ቀጣዩ እርምጃ የሚሻገሩት።

ሦስተኛው እርምጃ፦ የቀረው ጉድለት ሲንተሳይዘር የሚፈታው ነው?

ሁለት ዓይነት ጉድለት ሲንተሳይዘርን በእውነት ይጠራል። አንደኛው፣ በአንድ ዊል ብቻ ሊደረግ የማይችል፣ ፊልተሩን፣ የድምፁን አነሣስና ንዝረቱን በአንድ ጊዜ በእጅ መለዋወጥ የሚጠይቅ ሊድ ወይም ቤዝ ነው። ስቴጅ ኪቦርዶች ይህን በሜኑ ውስጥ ሊኖራቸው ይችላል፤ ነገር ግን ዘፈኑ እየሄደ ሜኑ መክፈት አይቻልም። ሁለተኛው፣ የተቀዳ ድምፅ የማይደርስበት፣ በዘመናዊ ዘፈኖች ላይ የሚሰማው ወፍራም ቤዝና እየተቀየረ የሚሄድ ፓድ (ከዜማው በስተጀርባ ተዘርግቶ የሚቆይ ለስላሳ ድምፅ) ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ነገር ላንሣ። ሚኒሙግ የተባለው ሲንተሳይዘር እ.ኤ.አ. በ1970 ሲወጣ በአንድ ጊዜ የሚያሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ያማሃ ዲኤክስ7 በ1983 ሲመጣ ግን እስከ 16 ያሰማ ነበር። የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ በ1985 ብቻውን ሲቀዳ፣ አኮርዲዮንን ከሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሙግና ከዲኤክስ7 ጋር አጣምሮ ነው የሠራው። ከዚህ የምወስደው እያንዳንዱ መሣሪያ ሌላው የማይሠራውን ሥራ ይዞ መቀመጡን ነው። ሊጨምሩት ያሰቡት ሲንተሳይዘር ኪቦርድዎ ከያዘው ሥራ የሚደጋግመው ብቻ ከሆነ ስታንድ ላይ ክብደት ይጨምራል እንጂ ሙዚቃ አይጨምርም።

የእኔ መለኪያ እንዲህ ነው፤ በአንድ ምሽት ከአራት በታች ለሆኑ ዘፈኖች ብቻ የሚያስፈልግ ከሆነ አልገዛም። ሰርግ ላይ ሃያና ሠላሳ ዘፈን ስንጫወት ለሁለት ዘፈን ብሎ ሁለተኛ ዕቃ መሸከም፣ መሰካትና መጠበቅ ትርፍ የለውም። ሆቴል ውስጥ በሳምንት ብዙ ምሽት ዘመናዊ ዘፈን የሚጫወት ሰው ግን መለኪያውን ሊያላላው ይችላል።

አራተኛው እርምጃ፦ ተበድሮ መሞከር

ከባልደረባ ወይም ከስቱዲዮ ለሁለት ሥራ ይዋሱ፤ ካስፈለገ ይከራዩ። ቤት ውስጥ ብቻውን ሲሞከር ሁሉም ሲንተሳይዘር ያምራል፤ መፈተን ያለበት ከሙሉ ባንድ ጋር ነው። ደብተርዎን አይርሱ።

ለመዋስ ካልተቻለ ላፕቶፕ ወይም ታብሌት መፍትሔ ይሆናል። ሰርጅ ኤክስቲና ቫይታል የተባሉት ሲንተሳይዘሮች በነፃ የሚገኙ ሲሆኑ፣ ዴክስድ ደግሞ የዲኤክስ7ን አሠራር የሚያስመስል ነፃ ፕሮግራም ነው። ኪቦርድዎን በዩኤስቢ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝተው፣ ድምፁን በኦዲዮ ኢንተርፌስ ወደ ሚክሰር ያውጡት። ቁልፍ ከነኩ በኋላ ድምፁ እየዘገየ ከመጣ በፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን በፈር ወደ 128 ዝቅ ያድርጉ። ለፍተሻ ይህ በቂ ነው። ለቋሚ ሥራ ግን አልመክረውም፤ ላፕቶፕ ሰርግ ላይ፣ ለስላሳና ቢራ በሚንቀሳቀስበት ጠረጴዛ አጠገብ፣ ዕድሜው አጭር ነው።

አምስተኛው እርምጃ፦ ሙሉውን ወጪ መደመር

የዕቃው ዋጋ ከጠቅላላው ወጪ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ሲንተሳይዘሩን ሲገዙ ለስታንዱ ሁለተኛ ደርብ፣ ጠንካራ ቦርሳ ወይም ሳጥን፣ ሁለት ጥሩ የጃክ ኬብል፣ አንድ የሚዲ ኬብል፣ ዲአይ ቦክስ (የመሣሪያውን ድምፅ ለሚክሰር አስማምቶ የሚያደርስ ሳጥን) እና የኤሌክትሪክ መጠበቂያ አብረው ይገዛሉ። ድምር ዋጋውን ከብር ይልቅ በሥራ ቁጥር ያስቡት፤ የሚከፈልዎትን የአንድ ሰርግ ክፍያ ይዘው «ይህ ዕቃ የስንት ሰርግ ገንዘብ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ከአሥር በላይ ከሆነና ሥራዎ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ብቻ የሚደምቅ ከሆነ፣ ያገለገለ ዕቃ መፈለግ ወይም መቆየት ይሻላል።

ክብደትም ዋጋ አለው። ባለ 88 ቁልፍ፣ ከባድ ቁልፍ ያላቸው ስቴጅ ኪቦርዶች አብዛኞቹ ከ11 እስከ 22 ኪሎ ይመዝናሉ። ከደሴ ፒያሳ በባጃጅ ተነሥቶ፣ ከዚያ ሚኒባስ ይዞ ሐረጎን ተጠማዝዞ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው፣ ሌሊት ሲመለስም ያንኑ የሚሸከም፣ አንድ ተጨማሪ ሳጥን ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ሚዲ እ.ኤ.አ. በ1983 ከመጣ ወዲህ አንዱ መሣሪያ ሌላውን በኬብል ማጫወት ስለቻለ፣ ቁልፍ የሌለው ትንሽ ሞጁል ገዝቶ በራስዎ ኪቦርድ ቁልፍ መጫወት ይቻላል። ይህ አማራጭ ርካሽም ቀላልም ነው፤ እኔም በመጨረሻ የመረጥኩት እሱን ነው። የቁልፍ እጥረት የነበረበት ሰው ግን፣ በመጀመሪያው እርምጃ ላይ ሁለተኛው ጉድለት የነበረበት ማለት ነው፣ ቁልፍ ያለውን መግዛት አለበት።

ስድስተኛው እርምጃ፦ መብራቱንና አየሩን ማስላት

የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው። ዕቃው ከአሜሪካ በዘመድ የሚመጣ ከሆነ አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ሶኬቱን ብቻ መቀየር ይበቃል፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን እንደተሰካ ይቃጠላል። ከዱባይና ከአካባቢው የሚመጣው በቮልት በኩል ችግር የለበትም፤ ባለ ሦስት አራት ማዕዘን እግር መሰኪያው ግን ማቀያየሪያ ይፈልጋል። አዳፕተር ከጠፋና ሌላ ከገዙ፣ ቮልቱና አምፔሩ ብቻ ሳይሆን የመሃሉ እግር ፖዘቲቭ ይሁን ኔጌቲቭ ዕቃው ላይ ከተሣለው ምልክት ጋር ያመሳክሩ። የመሃሉ እግር ኔጌቲቭ የሆነ አዳፕተር ፖዘቲቭ በሚፈልግ ዕቃ ላይ ሰክቼ አንድ ትንሽ ኢፌክት አቃጥያለሁ፤ ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ።

የመብራት መቋረጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አንድ አዳራሽ ውስጥ ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ስቴጅ ኪቦርዴ ተመልሶ በነበረበት ፒያኖ ላይ ተከፈተ፤ በውሰት ይዤው የነበረው ሲንተሳይዘር ግን የሚከፈተው በመጀመሪያው ድምፅ ላይ ነበርና፣ ለሙሽሪት መግቢያ ያዘጋጀሁትን ለስላሳ ፓድ ስጫን የወጣው ዝንብ የመሰለ ጩኸት ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ዕቃዎች በትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ባትሪ) ላይ መሰካት ተገቢ ነው። ሁለቱ በተለያየ ግድግዳ ላይ ካለ ሶኬት ከተሰኩ በስፒከሩ ውስጥ ያለማቋረጥ የሚያዝም ድምፅ ሊመጣ ስለሚችል፣ ከአንድ ማከፋፈያ ያብሩአቸው፤ ካልጠፋ ዲአይ ቦክሱ ላይ ያለውን የግራውንድ ማንሻ ይሞክሩ። የኤሌክትሪኩን የመሬት መስመር ግን ቆርጦ መሥራት ለሕይወት አደገኛ ነው፤ አያድርጉት።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ስትሆን፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ያለችው ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። የአየሩ ልዩነት ለአንዳንድ ሲንተሳይዘሮች ከባድ ነው። ቪሲኦ የሚባል አናሎግ ኦሲሌተር ያላቸው በሙቀት ለውጥ ድምፃቸው ከቅኝት ይወጣል፤ ደሴ ብርድ ውስጥ ያደረ ዕቃ ኮምቦልቻ ሙቅ አዳራሽ ገብቶ ወዲያው ከተጫወተ፣ ከማሲንቆው ጋር አይገጥምም። እንዲህ ያለ ዕቃ ያለው ሰው ቢያንስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አስቀድሞ አብርቶ ማቆየት፣ ከዚያም መቃኘት አለበት። ዲሲኦ (በዲጂታል መንገድ የሚቆጣጠሩት ኦሲሌተር) ያላቸውና ዲጂታሎቹ ይህ ችግር የለባቸውም።

ሰባተኛው እርምጃ፦ መግዛት ከተወሰነ፣ የትኛውን?

ሥራው አንድ መስመር ሊድ ወይም ቤዝ ብቻ ከሆነ ባለ አንድ ድምፅ ሲንተሳይዘር ይበቃል። ኮርግ ሞኖሎግ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ማይክሮቱኒንግ ስላለው እያንዳንዱን ቁልፍ ለብቻው ማስተካከል ያስችላል፤ ይህም ለቅኝት ሰው ትልቅ ነገር ነው። የቤህሪንገር ሞዴል ዲ ቁልፍ የሌለው ሞጁል ነው፤ ቪሲኦ ስለሆነ ግን ስለ ሙቀት ያልኩትን ያስታውሱ። ፓድም ከፈለጉ በአንድ ጊዜ ስንት ድምፅ እንደሚያሰማ ይጠይቁ። ኮርግ ሚኒሎግ ኤክስዲ አራት ድምፅ ያሰማል፣ እሱም ማይክሮቱኒንግ አለው፤ አራት ድምፅ ግን ፔዳል ረግጠው ኮርድ ሲቀያይሩ ቶሎ ያልቅና የቀደመው ይቆረጣል። ቤህሪንገር ዲፕማይንድ 12 አሥራ ሁለት ድምፅና 49 ቁልፍ ያለው፣ በዲሲኦ የሚሠራ ስለሆነ ለፓድም ለሊድም ይመቻል፤ ኪሎው ግን ቀላል አይደለም። ሮላንድ ጋያ ኤስኤች 01 እና ኮርግ ማይክሮኮርግ ያገለገሉ ሆነው ሊገኙ የሚችሉ ዲጂታሎች ናቸው፤ ሁለቱም በባትሪ ድንጋይ ሊሠሩ ይችላሉ፤ በባትሪ እየሠሩ ከሆነ መብራት ቢሄድም አይጠፉም። የማይክሮኮርግ ቁልፎች ትናንሽ መሆናቸው ግን በፈጣን ዜማ ላይ ጣት ያሳስታል።

ያገለገለ ሲገዙ ሁሉንም ቁልፍ አንድ በአንድ በቀስታም በኃይልም ይንኩ፤ እያንዳንዱን ኖብ እያዞሩ የሚንጫጫ ካለ ያዳምጡ፤ ፒች ቤንዱን ለቀው በትክክል ወደ ዜሮ መመለሱን ያረጋግጡ። መጨረሻ ላይ ያንን ዕቃ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ሳያጠፉ ያቆዩት፤ ከሞቀ በኋላ ብቻ የሚታይ ብልሽት አለ።

ስምንተኛው እርምጃ፦ ማገናኘትና የመጀመሪያው ወር

ከኪቦርድዎ ሚዲ አውት ወደ ሲንተሳይዘሩ ሚዲ ኢን ኬብል ያስገቡ። ይህ ኬብል ድምፅ አያስተላልፍም፤ የተነካውን ቁልፍና እንደ ፒች ቤንድ ያለውን ትእዛዝ ብቻ ነው የሚናገረው፤ ስለዚህ ሲንተሳይዘሩ በራሱ ጃክ ወደ ሚክሰር መሄድ አለበት። ከ16ቱ የሚዲ ቻናሎች አንዱን፣ ለምሳሌ 2ን፣ ለሲንተሳይዘሩ ብቻ ይስጡና በሁለቱም ላይ ያንኑ ቁጥር ያስገቡ። ከዚያ ኪቦርድዎን ስፕሊት አድርገው (ቁልፎቹን ለሁለት ከፍለው)፣ ከላይኛው ሁለት ኦክታቭ ብቻ ወደ ቻናል 2 እንዲልክ ያድርጉ፤ እዚያ ክፍል ላይ የኪቦርዱን የራሱን ድምፅ ዝጉ። ሳውንድማኑን አስቀድመው አንድ ተጨማሪ ቻናል እንደሚፈልጉ ይንገሩት፤ በሳውንድ ቼክ ሰዓት ድንገት «አንድ ጃክ አለኝ» ማለት ወዳጅነት ያበላሻል። የሁለቱን ድምፅ መጠን በኪቦርዱና በሲንተሳይዘሩ ላይ እኩል አድርገው ያምጡለት እንጂ ልዩነቱን ለእሱ አይተዉለት።

በመጀመሪያው ወር አዲሱን ዕቃ በየምሽቱ በሁለት ዘፈን ላይ ብቻ ይጠቀሙ፤ ሁለቱም ተመሳሳይ ቅኝት ያላቸው ቢሆኑ ይመረጣል። እጅዎ የፊልተሩን ኖብ ሳያዩ እስከሚያገኘው ድረስ ሌላ አይጨምሩ። ከፋብሪካ የመጡትን በመቶ የሚቆጠሩ ድምፆች እያገላበጡ ከመዋል፣ አምስት ራስዎ የሠሯቸውን ያስቀምጡ፤ አንድ ሊድ ለአምባሰል፣ አንድ ለትዝታ፣ አንድ ለባቲ፣ አንድ ፓድ፣ አንድ ቤዝ። ፓዱን ደግሞ የመጀመሪያው ቁጥር ላይ ያድርጉት፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ዕቃው የሚከፈተው እዚያ ላይ ነውና፣ ሙሽሪት በር ላይ ቆማ ሳለ ቢያንስ የሚያስደነግጣት ነገር አይወጣም።